ቦራ አልጋ ላይ መሽናት የጀመረች ሰሞን

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ፍራሽ ላይ! ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል የአባባ ፍራሽ ላይ!

አልጋቸውን ላነጥፍ ብዬ እጄን አንሶላው ላይ አሳረፍኩ። እርጥብ ነው። ደግሞ እርጥብ ብቻ አይደለም፣ ሙልጭልጭ የሚል ነገር መዳፌ ላይ ተጣበቀ። ሳሸተው ዓይኔ እንባ አቀረረ። እፍፍ! ስንቴ በሳሙና እንደታጠብኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ አሁን ይህን ስጽፍ ራሱ ጣቶቼ የሚሸቱ ይመስለኛል። ሥላሴ ነው፣ ቤት ውስጥ ዶሮ ተሠርቷል፣ እኔ ግን ወጡን ባየሁ ቁጥር ያ ሙልጭልጭ ነገር ትዝ እያለኝ ወደ ላይ ይለኛል። ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ቦራ ደግሞ እዚያው ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ትልሳለች። ምንም እንዳልተፈጠረ።

ቦራ የአባባ ድመት ናት። እናቴ ካረፈች በኋላ አባባን ከአዘና አንስተን እዚህ እንጅባራ ወደኛ ቤት ስናመጣቸው፣ "ያለሷ አልሄድም" ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠዋት መጡ። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት እንደ ፈረስ ቦራ ብለው ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። በአዊኛ ነው የሚያናግሯት። እኔ በአማርኛ ስጠራት ዘወር ብላም አታየኝ። "አማርኛ አትሰማም፣ የገጠር ልጅ ናት" ይላሉ አባባ።

እውነቱን ልናገርና ድመት አልወድም። ፀጉሯ ይቀፈኛል። አይጥ በበላችበት አፏ የሰው እጅ ስትልስ ሳይ ይሰቀጥጠኛል። በንጽሕና በኩል ግን ስሟን አላጠፋም። ከማድ ቤቱ ጀርባ አመድ የምንደፋበት ጥግ አለ። እዚያ ሄዳ ትጭራለች፣ ትጸዳዳለች፣ መልሳ ትደፍናለች። የማስተምራቸው ልጆች ግማሹን ያህል ቢጠነቀቁ የትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት አፍንጫ ሳይያዝ ይገባበት ነበር።

ታዲያ ዛሬ ምን ነካት?

አባባን ጠየቅኳቸው። "እንስሳ ናት፣ ምን ታረጊያታለሽ" አሉና ዱላቸውን አንስተው ወጡ። ደጅ ዝናብ እየወረደ ነው፤ የት ሊሄዱ እንደሆነ እንጃ።

ሥላሴን ያህል በዓል አንሶላ ሳጥብ ዋልኩ። ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ በአጥሩ በላይ አይተውኝ አማተቡ።

"በሥላሴ?!"

"ድመት ሸንታበት ነው እትዬ።"

"ታዲያ ነገ አይታጠብም?"

እሳቸው አልሸተታቸውማ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

የባሰው መጣ።

ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ወደ አባባ ክፍል ገባሁ፣ ወለሉን ስለወለወልኩት እንዳይቆሽሽ ብዬ። ከአልጋው ሥር መጥረጊያ ለመስደድ ጎንበስ ስል ረገጥኩት። ለስላሳ ነው። ሞቅ ይላል። ካልሲው ውስጥ ሰርጎ ጣቶቼ መሀል ሲገባ ተሰማኝ። በአንድ እግሬ እየነጠርኩ ደጅ ወጣሁ፤ ካልሲውን አውልቄ ወረወርኩት፣ አላጥበውም። እግሬን በድንጋይ እስኪቀላ ፈገፈግኩ። እስካሁን ያቃጥለኛል። ይሁን፣ ከሽታው ይሻላል።

ስመለስ አልጋው ሥር ኩሷ ብቻ አልነበረም። ግራጫ ጭቃ መሳይ ነገር ሲሚንቶው ላይ ተለጥፎ ደርቋል። ስፍቀው እንደ ድፍድፍ ይላቀቃል። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ ማወቅም አልፈለግኩም።

እስካሁን የሞከርኩት፦ በረኪና (ከሽንቱ ጋር ተቀላቅሎ ሌላ አዲስ ሽታ ወለደ)። ሎሚ። ኮምጣጤ። በሩ ሥር በርበሬ መነስነስ (ድመቷ ምንም አልሆነችም፣ እኔ ሳስል ዋልኩ)።

ፍራሹ አልደርቅ አለ። በዚህ አገር በሐምሌ ምን ይደርቃል? ማድ ቤት አስገብቼ እሳት ዳር አቆምኩት። እንፋሎት ማውጣት ጀመረ። የሽንት እንፋሎት! እዚያው ጎኑ ሽሮው ይንተከተካል። ሽሮውን ደፋሁት።

አንድ በጎ ነገር አለ። ሰሞኑን ምድጃዬን ሁልጊዜ አመዱ ተጠርጎ አገኘዋለሁ። ባለቤቴ ይሁኔ ይሆናል። ማገዝ ጀመረ መሰለኝ። ካመሰገንኩት ይተወዋል ብዬ ዝም አልኩ።

ይሁኔ ባጃጁን አቁሞ ለምሳ ሲገባ መጀመሪያ ሳቀ። የአባባን በር ሲያልፍ ግን አፍንጫውን ያዘ። "በጆንያ ከትቼ አዲስ ቅዳም ከተማ ወስጄ ነው የምጥላት" አለ። "ከሰል ተራ አይጥ ሞልቷል፣ አትራብም። ከዚያ ተመልሳ አትመጣም።"

"ቆይ" አልኩት።

ለእሷ አዝኜ አይደለም። አባባን ፈርቼ ነው። እዚህ ከመጡ ወዲህ ከእሷና ከእግዜር በቀር የሚያወሩት የለም። ትንሽ ነገር በተነሳ ቁጥር "ወደ አገሬ ልመለስ" ይላሉ። አዘና ያለው ቤት ባዶ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ውሃ የሚያቀብል የለም። ከመምጣታቸው በፊት ጓሮ ወድቀው ያገኟቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ መቼ እንደወደቁ እንኳ ሊነግሩን አልቻሉም። ድመቷ ከሄደች እሳቸውም ይሄዳሉ። እሳቸው ከሄዱ ደግሞ በሚቀጥለው ማን እንደሚያገኛቸው አላውቅም። ፍርሃቴ ይኸው ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ኔትወርክ ብቅ ሲል በስልኬ ፈለግሁ። ድመት ያለ ቦታዋ የምትሸናው፣ አንድ ፊኛዋን ሲያማት። ሁለት፣ ወንድ ስትፈልግ። ሦስት ስትፈራ። አራት የምትጸዳዳበት ቦታ ሲበላሽባት። አምስተኛውን ሳላነብ ኔትወርኩ ሄደ።

ካርቶን ውስጥ ከተትኳትና በይሁኔ ባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወሰድኳት። መንገድ ላይ ካርቶኑን በጥፍሯ ቀዳ ብቅ አለችና ጉልበቴ ላይ አስመለሰች። ከነጭራው የአይጥ እኩሌታ። አሁን እዚህ የአይጡን ጭራ ምን እንደሚመስል አልገልጽም። ይሁኔ በመስታወቱ አይቶኝ "ወንበሩን ጠብቂ" አለኝ። እኔን ሳይሆን ወንበሩን!

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ ፈረስና በሬ ሲያክም ነው የሚውለው። ድመት ሲያይ ደስ አለው። ሆዷን ዳበሰ፣ አፏን ከፍቶ አየ፣ ሙቀቷን ለካ (በየት በኩል እንደለካ ሳይ ፊቴን አዞርኩ)። ጤነኛ ናት አለ። ከዚያ ጠየቀኝ፤ "ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ? አዲስ ሰው፣ አዲስ ዕቃ? የምትጸዳዳበትን ቦታ ነክታችኋል?"

"ምንም የተለወጠ የለም" አልኩት።

"እንግዲያው ማታ ለብቻዋ ዝጉባትና እዩ። ድመት ዝም ብላ ጠባይ አትለውጥም።"

ቤት ስንደርስ አባባ በር ላይ ዝናብ እየመታቸው ቆመዋል። ካርቶኑን ከእጄ ተቀብለው ቦራን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡና በአዊኛ በለሆሳስ ያናግሯት ጀመር። የኔ አዊኛ የልጅነት ነው፣ ሁሉንም አልያዝኩትም። ድምፃቸው ግን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። ሐኪም ዘንድ ስለወሰድናት ነው ብዬ ተናደድኩ። ጉልበቴ ላይ ያስመለሰችብኝ እሷ፣ ይቅርታ የሚጠየቀው ለእሷ!

ከዚያ አንድ ነገር ገባኝ መሰለኝ። ከማድ ቤቱ ጀርባ ሄጄ አየሁ። የአመዱ ጥግ በዝናቡ ላቁጧል፣ እግር የሚውጥ ጭቃ ሆኗል። አገኘሁት አልኩ! ሰው እንኳ እዚያ ውስጥ አይቀመጥም። ደረቅ አመድ በሳፋ አድርጌ ላስቀምጥላት ብዬ ምድጃው ጋ ስሄድ ግን አመድ የለም፣ ተጠርጓል። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ደረቅ አፈር ጭሬ ሞላሁላት።

ማታ ቦራን ከነሳፋዋ ዕቃ ቤት አስገብቼ ቆለፍኩ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ይሁኔ ቀድሞኝ ተኝቷል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ጠዋት ዕቃ ቤቱን ስከፍት ቦራ የጤፉ ጆንያ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ሳፋው ውስጥ ያለውን አፈር በትንሽ እንጨት ነካ ነካ አደረግኩት። እዚያው ተጸዳድታ ደፍናዋለች። ጎበዝ! እልል ልል ነበር።

ደስ ብሎኝ ወደ አባባ ክፍል ሄድኩ። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

እሳት ዳር ደርቆ የተመለሰው ፍራሽ እርጥብ ነው። የአሁን።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

መስኮቱ ተዘግቷል። ሌላ ድመት ገብታ ይሆናል አልኩ። የእትዬ ሙሉ ድመት። እትዬ ሙሉ ድመት የላቸውም።

ይሁኔ ቁርሱን ሊበላ መጥቶ ሸተተው። "አሁንም? በቃ!" አለ። ቦራ ተቆልፎባት እንዳደረች አልነገርኩትም። ለምን እንዳልነገርኩት እዚህም መጻፍ አልፈልግም።

ከሰዓት በኋላ

ወፍጮ ቤት ሄጄ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ወዲያው ተመለስኩ። ዝናቡ ስለሚጮህ በጓሮ በር ስገባ አባባ አልሰሙኝም። ምድጃው ሥር ተንበርክከዋል። ፍሙን በእንጨት ወዲያ እያደረጉ አመዱን በመዳፋቸው ወደ አሮጌ ድስት ክዳን ያፍሳሉ። ያቃጥላቸዋል፣ እፍ እፍ ይላሉ። ሲሞላ ጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው ተነሱ። ተከተልኳቸው። በሩ ገርበብ ብሏል።

አንሶላውን ገልጠው አመዱን እርጥቡ ላይ በተኑት። እያመቻቹ፣ ዳር ዳሩን እየጠበቁ፣ በመዳፋቸው አሹት። የተረፈውን ወለሉ ላይ ነሰነሱ። ከዚያ አንሶላውን መልሰው፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠርገው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

ይህን አውቀዋለሁ። አዘና እያለን፣ ከልጆቹ አንዱ መደቡ ላይ ሲሸና እናቴ እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ብዙውን ጊዜ የምሸናው ደግሞ እኔ ነበርኩ። የመደቡ አፈር ይጠጣዋል፣ አመዱ ይጠጣዋል፣ ጠዋት ጥርግ ተደርጎ ይወጣል። ሽታ የለ፣ ወሬ የለ። ማንም ስሜን አንስቶብኝ አያውቅም።

ስፖንጅ ግን አይጠጣም። ሲሚንቶም አይጠጣም። አመዱ ከሽንቱ ጋር ተቦክቶ ይቀራል። ያ እጄ ላይ የተጣበቀው። ያ አልጋው ሥር የፋቅሁት።

ቦራም ገባችኝ። ከተወለደች ጀምሮ አመድ ማለት ለእሷ ሽንት ቤት ነው። የደጁ አመድ ጭቃ ሆነባት፤ ደረቁ አመድ ደግሞ አልጋው ላይና አልጋው ሥር ተነስንሶ አገኘችው። ምን ታድርግ? ባለጌ ሆና አይደለም፣ ጨዋ ስለሆነች ነው።

በእግር ጣቴ ወደ ኋላ ተመለስኩ። አላዩኝም። ከማድ ቤቱ ጀርባ ደርሼ አስመለሰኝ።

እዚህ እውነቱን ካልጻፍኩ የት ልጽፈው ነው? የአባቴ መሆኑን ሳውቅ ይበልጥ ቀፈፈኝ። የድመት ሲሆን ይሻለኝ ነበር። ያ እጄ፣ ያ ካልሲዬ ... ያጠቡኝ፣ ያዘሉኝ አባቴ ናቸው፤ እኔ ግን አስመለሰኝ። ራሴንም ተጸየፍኩት።

ማታ ለይሁኔ ልነግረው እየጠበቅኩት ነበር። ሲገባ ባዶ ጆንያ አጣጥፎ በብብቱ ይዟል። ወፍጮ ቤት በሄድኩበት ሰዓት መጥቶ ቦራን ወስዷታል። አዲስ ቅዳም ከሰል ተራ ለቅቋታል። "ተገላገልን" አለኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

አባባ ቁርስ አልበሉም። ምሳም አልበሉም። ጾም ስለሆነ ነው ልበል? ጠዋት ግቢውን ሁለት ሦስቴ ዞሩት፣ በአዊኛ እየጠሩ። ከዚያ "ቦራስ?" አሉኝ። ይሁኔ አዲስ ቅዳም እንደወሰዳት ነገርኳቸው። መዋሸት አቃተኝ።

ዘወር አሉ። ክፍላቸው ገብተው ብርድ ልብሳቸውን ማጠፍ ጀመሩ። የጸሎት መጽሐፋቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው።

"የት ሊሄዱ ነው አባባ?"

"ነገ ወደ አገሬ።"

"በዚህ ክረምት? ቤቱ እኮ ያፈሳል።"

"ያፍስስ።" ብርድ ልብሱን ፈትተው እንደገና አጠፉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው "ልጄ፣ ያቺ እንስሳ እኮ ጥፋት የለባትም። እሷ አይደለችም። እኔ ..." አሉ።

በጥፍራቸው የግድግዳውን ቀለም መፋቅ ጀመሩ። አባቴ ናቸው። በፈረስ ጉግስ አንድ አገር የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። ያንን ቃል ከአፋቸው ሲያወጡ ቆሜ ልሰማ አልቻልኩም።

"እሷ ናት!" አልኩ፤ ጮህኩባቸው ማለት ይቻላል። "ድመት ናት አባባ! በክረምት ድመት እንዲህ ያደርጋታል፣ ሐኪሙም ብሏል። እናመጣታለን፣ አርፈው ይቀመጡ!"

ሐኪሙ እንዲያ አላለም።

ዞረው አዩኝ። የሸፈንኩላቸው ይሁን ያዋረድኳቸው ግን አላወቅኩም። ብርድ ልብሱ እንደታጠፈ ነው።

ይሁኔን ባጃጁ ላይ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። መሪውን በመዳፉ መታ። "ለምን ትላንት ጠዋት አልነገርሽኝም?" አለኝ። ሄደህ አምጣት አልኩት። ቦራን የምናባብልበት ወተት ልገዛ ወደ እትዬ ሙሉ ሮጥኩ።

"በዓርብ ወተት?" አሉ እትዬ ሙሉ።

"ለድመቷ ነው።"

"የጣላችኋትን ድመት?"

በዚህ ግቢ የማይታወቅ ነገር የለም። አንዱ ብቻ አይታወቅ እንጂ።

ይሁኔ ሲመሽ ባዶ እጁን ተመለሰ። አይቷታል፣ ከጆንያዎቹ መሀል። ጠራት፣ ወተቱን አስቀመጠላት፣ ጭራሽ ሸሸች። "ጆንያ ውስጥ የከተታትን እጅ ታምናለች?" አለ። አፈረ። አፍሮ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

አባባ ገና ሳይነጋ ተነስተው፣ ጥቅልላቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አድርገዋል።

ይሁኔ ሄዶ ፊታቸው ቁጭ አለ። "አባባ፣ አዘና አደርስዎታለሁ፣ ባጃጁ የእርስዎ ነው። መጀመሪያ ግን አዲስ ቅዳም አብረውኝ ይምጡ። እኔ በአማርኛ ብጠራት እምቢ አለችኝ።"

አባባ አሰቡበት። "አማርኛ አትሰማም" አሉ። ተነሱ። ጥቅልላቸውን በረንዳው ላይ ተዉት። እኔ ዓይኔ ጥቅልሉ ላይ ነበር።

እኔም አብሬ ሄድኩ። ከሰል ተራው አፍንጫ ይደፍናል። ዝናቡ የከሰሉን ብናኝ አቡክቶ ጥቁር ጭቃ አድርጎታል፣ ጫማዬ ውስጥ ገባ፤ ምራቄን ስተፋ ጥቁር ነው። ሴቶቹ ከጆንያ ጆንያ እየዘለሉ ይስቁብናል፤ "ለድመት ከእንጅባራ ድረስ?" ይላሉ። አባባ አልሰሟቸውም። በጆንያዎቹ መሀል እየሄዱ መጥራት ጀመሩ። ድምፃቸው ሌላ ሆነ። አዘና ማታ ማታ ከብቶቹን የሚጠሩበት ድምፅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ጥቁር ነገር ከጆንያ ሥር ወጣ። ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ እንኳ አይታይም። ሮጣ እግራቸው ላይ ተጠመጠመች፣ ጋቢያቸው ሁሉ ከሰል ሆነ። ነጩ ጋቢ! እኔ ያጠብኩት! ሌላ ቀን ቢሆን እጮህ ነበር።

ባጃጁ ውስጥ በመሀላችን ቦራ ነበረች። በጎን በኩል ወደ ደጅ እያየሁ "ሰኞ ክሊኒክ እንሂድ" አልኩ። "ጉልበትዎን ያዩልዎት።"

የቦራን ግንባር በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ብዙ መንገድ ሄድን።

"ጉልበቴን" አሉ በመጨረሻ። "እሺ። ጉልበቴን ይዩልኝ።"

ቤት ስንደርስ ይሁኔ ጥቅልሉን አንስቶ ወደ ውስጥ አስገባው። አባባ አዩት፣ አልከለከሉትም። ብርድ ልብሱን ግን አልፈቱትም።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ቦራን አጠብኳት። የሚወጣው ውሃ ቀለም ይመስላል። ቧጠጠችኝ። እርጥብ ድመት እንደምትሸት ማንም አልነገረኝም ነበር፤ እርጥብ ካልሲና አሮጌ ቅቤ። ታጥባ ስትደርቅ አባባ ግንባሯን አይተው ሳቁ። ከመጡ ጀምሮ ጥርሳቸውን ሳይ ይህ ሁለተኛዬ ነው።

ሌላ የሠራሁት፦

ፍራሹን አስወጣሁ። አዲስ ፍራሽ፣ በላዩ ወፍራም ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ አንሶላ። "ጣሪያው እንዳያፈስብዎት ነው" አልኳቸው። ላስቲኩ ከጣሪያው በኩል ሳይሆን ከሥር ነው የተነጠፈው። አላረሙኝም።

ክዳን ያለው ባልዲ አልጋቸው ግርጌ። "ማታ በዚህ ዝናብ ግቢውን አቋርጠው ሽንት ቤት አይሂዱ፣ ያዳልጣል፤ እኛም እንዲሁ ነው የምናደርገው።" እኛ እንዲያ አናደርግም። ይሁኔ ግን ወዲያው "አዎ፣ እኔም" አለ። ምርቃቴን ሁሉ አወረድኩለት።

ምድጃው አጠገብ ሳፋ ሙሉ ደረቅ አመድ ለቦራ። ያፈስኩት እኔ ነኝ። ሳፋውን ገና ሳላስቀምጠው መጣች፣ ጭራ ተቀመጠች። ከወጥ ድስቴ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ቀፈፈኝ፣ ደስም አለኝ። ምድጃውን ሁልጊዜ የሚጠርገው ይሁኔ እንዳልነበረም ዛሬ ነገርኩት። "እኔ መቼ ጠርጌ አውቃለሁ" አለ፤ አያፍርም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ክሊኒክ። አባባ ብቻቸውን ገቡ። እኔ ደጅ አግዳሚው ላይ ቀረሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በፕላስቲክ ብልቃጥ ሽንቱን ይዞ ያንቀጠቅጠዋል፣ ክዳኑም አልገጠመም። ከዚህ ነገር መቼ ነው የምገላገለው?

ቆይተው ሐኪሟ ጠራችኝ። ሽንት አላስይዝ ያላቸው የወንድ ዕጢ አብጦ ነው፣ በዕድሜ ብዙዎቹን ይይዛል አለች። መድኃኒት አለው፤ የሚሻሻል ይመስላታል፣ ካልሆነ ወደ ባሕር ዳር ይልኳቸዋል። ማታ ውሃ እንዲቀንሱ። ለውጡን ወዲያው እንዳንጠብቅም ነገረችኝ። አባባ ወረቀቱን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተዋል።

"ጉልበቴ ደህና ነው ተባልኩ" አሉኝ ስንወጣ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

"ሐኪሟ ጨዋ ልጅ ናት" አሉ። ዱላቸውን አንስተው ቀደሙኝ።

ብርድ ልብሳቸው ዛሬ ማታ ተፈትቶ አልጋው ላይ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ጠዋት አባባ ጠሩኝ። ራሳቸው። በሩ ላይ ቆመው፣ እኔን ሳይሆን የበሩን መቃን እያዩ፣ "ይቺ ድመት ..." አሉ።

ቦራ ሌሊቱን ሙሉ የተኛችው የእኔና የይሁኔ አልጋ ላይ፣ እግሬ ሥር ነበር። አሁንም ከኋላዬ ቆማለች።

"አይ ይቺ ባለጌ!" አልኩ፣ እትዬ ሙሉ ቤት እስኪሰማ ጮክ ብዬ። "አሁንስ አበዛችው! ምን ዓይነት ርኩስ ናት!" አንሶላውን ገፈፍኩት። ከላስቲኩ አላለፈም፤ ከባለፈውም ያነሰ ነው። ሽታው ግን ያው ሽታ ነው። የምወዳቸው አባቴ ስለሆኑ አልተለወጠም። ትንፋሼን ይዤ ጠቅልዬ አወጣሁት፣ ሳፋው ውስጥ ከትቼ ውሃ ለቀቅሁበት፣ ከዚያ አጥሩን ተደግፌ አየር ሳብኩ።

"ዛሬም?" አሉ እትዬ ሙሉ በአጥሩ በላይ።

"ዛሬም እትዬ!"

"ኧረ ያችን ድመት አንድ በያት!"

"ምን ላርጋት፣ እንስሳ ናት።"

ምሳ ላይ አባባ ከወጣቸው ውስጥ ሥጋ ሥጋውን እየለዩ ለቦራ አጎረሷት። የራሳቸው ድርሻ ድንቹ ብቻ ቀረ። ከዚያ በዚያው ባጎረሷት እጅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እኔ ዘረጉ። ድመቷ የላሰችው እጅ ነው፣ ምራቋ ያብለጨልጫል። ዓይኔን ጨፍኜ ጎረስኩ። እንዴት እንደዋጥኩት እግዜር ይወቅ።

"ዝናቡ ሲያባራ ጓሮው ላይ ነጭ ሽንኩርት ብተክልስ?" አሉኝ።

"ይትከሉ አባባ" አልኩ።

ተነስቼ ወጣሁና አፌን ተጉመጠመጥኩ።